ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚሆነኝን የድጋፍ ስብሰባ እንዴት ልምረጥ?

የሌሊት ሹፌር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ውድ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በቅድሚያ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ።

ለብዙ ዓመታት ሌሊቱን ሙሉ ታክሲ ስነዳ አድሬ ጎሕ ሲቀድ ወደ ቤቴ እገባና፣ ልጆቹ ለትምህርት ቤት ከመነሣታቸው በፊት ውስኪ ጠጥቼ እተኛ ነበር። መጀመሪያ እንቅልፍ እንዲወስደኝ ብዬ የጀመርኩት ነገር እያደር፣ ካልጠጣሁ እጄ የሚንቀጠቀጥበት ደረጃ ላይ አደረሰኝ። በቅርቡ ሆስፒታል ተኝቼ በሐኪም ክትትል መጠጡ ከሰውነቴ እንዲወጣ ከተደረገ በኋላ፣ ስወጣ ሐኪሙ የድጋፍ ቡድን ፈልጌ እንድገባ አጥብቆ መከረኝ፤ የትኛውን እንደምመርጥና በምን እንደምለየው ግን የነገረኝ ሰው የለም። የተሰጠኝ የስብሰባዎች ዝርዝር በርካታ ገጽ ሲሆን፣ ከየስብሰባው ጎን የተጻፉት ነጠላ ፊደላት ምን ማለት እንደሆኑ እንኳ አላውቅም።

እስካሁን በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት የሚካሄዱ ጥቂት የኤኤ (አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የሚባለው፣ ከመጠጥ ለመላቀቅ የሚሹ ሰዎች እርስ በርስ የሚረዳዱበት ማኅበር) ስብሰባዎችን አይቻለሁ። ሰዎቹ ደጎች ናቸው፤ ገና በሩን ስገባ ቡና ቀድተው ወንበር ሰጥተውኛል። ይሁን እንጂ በአንደኛው ስብሰባ የነበሩት አብዛኞቹ ጡረታ የወጡ አሜሪካውያን ስለነበሩና የሚናገሩትም በፍጥነት ስለሆነ፣ እኔ የምስቀው ሁሉም ስቀው ከጨረሱ በኋላ ነበር። ተራው እኔ ዘንድ ሲደርስ ስሜን ብቻ ተናግሬ ዝም አልኩ። በሌላኛው ደግሞ መዝጊያው ላይ ሁሉም ተነሥተው እጅ ለእጅ ተያይዘው ጸሎት ሲያደርሱ፣ የተዋሕዶ ልጅ እንደ መሆኔ ሳላውቀው ሌላ እምነት ውስጥ የገባሁ መስሎኝ ተጨነቅሁ።

አሁን ሁለት ሐሳብ እየተሟገተብኝ ነው። የልቤን አውጥቼ መናገር የምችለው በአማርኛ ነው፤ ሠርግ ቤት ወይም ክርስትና ቤት ተቀምጦ የቀረበን መጠጥ እምቢ ማለት ለእኛ ሰው ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለፈረንጅ ከየት ጀምሬ አስረዳዋለሁ? በሌላ በኩል ደግሞ እዚህ አካባቢ ያለው የአገሬ ሰው በዕድሩም፣ በዕቁቡም፣ በቤተ ክርስቲያኑም የተዋወቀ ስለሆነ፣ በአማርኛ የተናገርኩት ነገር ሳምንት ሳይሞላው ባለቤቴ ጆሮ ይደርሳል ብዬ እሰጋለሁ።

ስለዚህ የምጠይቃችሁ ይህን ነው፦ ለእኔ የሚስማማው ስብሰባ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? የአገሬን ሰው ልፈልግ ወይስ ልሽሽ? ባለቤቴም እኔን ስትጠብቅ ደክማለችና፣ እርሷስ የምትሄድበት ቦታ ይኖር ይሆን? ልምድ ያላችሁ ብትመልሱልኝ ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው።


የቀድሞ ጠጪ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ወንድሜ፣ እንኳን ከሆስፒታል በሰላም ወጣህ። በኤኤ ውስጥ ረጅም ዘመን ስለቆየሁ ከማውቀው ልንገርህ።

አስቀድሜ ፊደላቱን ልፍታልህ። «ኦ» የሚል ከሆነ ስብሰባው ክፍት ነው፤ ባለቤትህም ሆነች ለማወቅ የፈለገ ማንኛውም ሰው ገብቶ መቀመጥ ይችላል። «ሲ» ካለ ዝግ ነው፤ የሚገቡት መጠጥ ለማቆም የሚፈልጉ ሰዎች ብቻ ናቸው። ኤኤ ከዚህ ፍላጎት በስተቀር ሌላ የአባልነት መስፈርት የለውም፤ ክፍያ አይጠይቅም፣ የመጣውን ሰው ስምም መዝግቦ አይዝም። የሚዞረው ቅርጫት ለቤት ኪራይና ለቡና የሚሆን የአባላት መዋጮ ስለሆነ፣ አዲስ ሰው ምንም ሳይጨምር ቢያሳልፈው የሚታዘበው የለም። የቀሩት ፊደላት የስብሰባውን ዓይነት ይናገራሉ። አንዳንዱ ስብሰባ አንድ ተናጋሪ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የሚተርክበት ሲሆን፣ አንዳንዱ ተራ በተራ ሁሉም የሚናገሩበት ውይይት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1939 የታተመውን የኤኤ ዋና መጽሐፍ ወይም ከመጠጥ ለመላቀቅ አባላቱ የሚከተሏቸውን አሥራ ሁለት ደረጃዎች እያነበቡ የሚማሩባቸውም አሉ።

አንተን ያስቸገረህ ውይይቱ ይመስለኛል። እንግሊዝኛው ገና ላልተፍታታለት ሰው ከሁሉም የሚከብደው እርሱ ነው፤ ቀልዱ አለ፣ ጥድፊያው አለ፣ ተራ ጥበቃው ደግሞ ለብቻው ያስጨንቃል። በምትኩ የመጽሐፍ ጥናት ያለበትን ስብሰባ ሞክር፤ የሚነበበውን ምዕራፍ ከቤትህ አንብበህ ስለምትሄድ የሚያመልጥህ ጥቂት ይሆናል፣ ድምፅህን የምታሰማውም ስለ ራስህ በመናገር ሳይሆን አንድ አንቀጽ በማንበብ ይሆናል። የተናጋሪ ስብሰባም ጥሩ ነው፤ ማዳመጥ ብቻ ነው የሚጠበቅብህ። በማንኛውም ስብሰባ ቢሆን ስምህን ተናግረህ «ዛሬ አዳምጣለሁ» ብትል ነውር የለበትም።

ከቋንቋውም ከዓይነቱም በፊት ግን እኔ የማየው ሰዓቱን ነው። የምትጠጣው ጎሕ ሲቀድ ከሆነ፣ የማታ ስብሰባ ምንም ያህል ቢያምር ብዙ አይጠቅምህም፤ ለነገሩ ያ ሰዓት ለአንተ የሥራ ሰዓት ነው። ሰዎች ወደ ሥራ ከመግባታቸው በፊት፣ በእኛ አቆጣጠር ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ወይም አንድ ሰዓት ላይ የሚሰበሰቡ ቡድኖች በዚህ አካባቢ አሉ። የመጨረሻውን ተሳፋሪ እንዳወረድህ ቤት ሳትገባ በቀጥታ ወደዚያ ንዳ። ሚቲንግ ጋይድ የሚባለውን መተግበሪያ በነፃ ስልክህ ላይ ብትጭን ያለህበትን ቦታ፣ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የስብሰባውን ዓይነትና ቋንቋውን ሳይቀር እየለየ ያሳይሃል፤ ከሰው ጋር መነጋገር ከመረጥህ ደግሞ ኢንተርግሩፕ ወደሚባለው፣ የዋሽንግተን አካባቢ የኤኤ ቡድኖች የጋራ ቢሮ ደውልና «አዲስ ነኝ፣ የጠዋት የመጽሐፍ ጥናት እፈልጋለሁ» በላቸው።

ቡድኑ ጥሩ መሆን አለመሆኑን የምታውቀው ስብሰባው ካለቀ በኋላ ነው። ወንበሩ እስኪታጠፍ ድረስ ቆይ። ሽማግሌዎቹ ወደ አዲሱ ሰው ይመጣሉ ወይስ እርስ በርስ ሲያወሩ ይወጣሉ? አንዱ በወረቀት ጀርባ የጥቂት ሰዎችን ስልክ ጽፎ ከሰጠህና ሌላው «እባክህ ያንን የቡና ማሽን እጠብልን» ብሎ ሥራ ካዘዘህ፣ ያ ቡድን ይዞሃል ማለት ነው። በአንጻሩ ሐኪም ያዘዘልህን መድኃኒት ተው የሚል፣ ገንዘብ አበድረኝ የሚል ወይም ካልታዘዝኸኝ ትጠጣለህ እያለ የሚያስፈራራ ሰው ከገጠመህና የቀሩት አባላት ዝም ካሉት፣ ሳትከራከር ሌላ ቡድን ፈልግ። ለነገሩ አንድን ቡድን በአንድ ቀን መፍረድ አይቻልም፤ የሰኞው ሰው ከሐሙሱ ይለያል።

የአገሬን ሰው ልፈልግ ወይ ላልኸው፣ ለጊዜው አትፈልግ ባይ ነኝ። ኤኤ የተጀመረው እኮ በሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ቢል ዊልሰን የተባለው የኒው ዮርክ ሰው ለንግድ ጉዳይ ኦሃዮ ውስጥ አክሮን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ሲከሽፍበት፣ ከሆቴሉ መጠጥ ቤት ይልቅ ስልኩን መርጦ ወደ አብያተ ክርስቲያናት ደወለ፤ በዚያ ምክንያት ከዶክተር ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ፤ ቀዶ ሐኪሙ ስሚዝም ሰካራም ነበር። አንዱ የሌላውን ቤተሰብ፣ ሥራና ዕዳ አለማወቁ እንዲናገሩ ረዳቸው እንጂ አላገዳቸውም። አንድ ማሳሰቢያ ግን ልጨምር፦ የአባላትን ማንነት መደበቅ በኤኤ የተከበረ ልማድ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ስለ መንጃ ፈቃድህ፣ ስለ ፍርድ ቤት ወይም ስለ መኖሪያ ወረቀትህ የሚያሳስብህ ነገር ካለ ለጠበቃህ እንጂ ለስብሰባው አትናገር።


እኅታችሁ (አርሊንግተን፣ ቨርጂኒያ)

ስለ ሰዓቱ የተጻፈው ትክክል ነው፤ ቋንቋውን ወደ ኋላ ማድረጉን ግን አልቀበለውም።

እኔ እንግሊዝኛ አልቸገርም፤ በቢሮ ሥራ የምተዳደር ሰው ነኝ። ወይኑን ባዶ በሆነ የልብስ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና ዕቃ ውስጥ ገልብጬ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥ ነበር፤ ባለቤቴ በየቀኑ በአጠገቡ ያልፋል። በእንግሊዝኛው ስብሰባ ይህን ስናገር ሁሉም ይስቃሉ፣ እኔም አብሬያቸው እስቃለሁ፤ የራሴን ሳይሆን የሌላ ሴት ታሪክ የማወራ ያህል ምንም አይሰማኝም ነበር። ከጊዜ በኋላ ስፖንሰሬ (በኤኤ አዲሱን ሰው በቅርብ የሚመራ ነባር አባል ስፖንሰር ይባላል) በሌላ ከተማ ከምትኖር ኢትዮጵያዊት ጋር በስልክ አገናኘችኝ። ለዚያች ሴት «እናቴ ልትጠይቀኝ መጥታ ሳለች ጠጥቼ ዋሸኋት» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር በአማርኛ ለመጨረስ ምን ያህል እንደተቸገርኩ ሳስብ፣ እስከዚያ ድረስ ስናገር የነበረው ሁሉ ለካ ከአንገት በላይ ነበር እላለሁ።

ስለዚህ አንዱን ብቻ ምረጥ የተባልህ አይምሰልህ። የዘወትር ቡድንህ እንግሊዝኛ ተናጋሪው ይሁን፤ ከእርሱ ጎን ለጎን በአማርኛ የምታነጋግረው አንድ ሰው ይኑርህ፤ ያ ሰው ደግሞ በዕድርህም በደብርህም የሌለ፣ ከተቻለ በሌላ ግዛት የሚኖር ይሁን። ዳላስ ወይም ሚኒያፖሊስ ያለ ሰው የአንተን ጎረቤት አያውቅም። ወደ ኢንተርግሩፕ ቢሮው ስትደውል አማርኛ ተናጋሪ አባል ያውቁ እንደሆነ ጠይቃቸው። ኤኤ ቡድኖቹ ከሚመሩባቸው ልማዶች ሦስተኛው ለመጠጥ ማቆም ሲሉ የተሰበሰቡ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች፣ በቡድንነታቸው ከሌላ ድርጅት ጋር እስካልተቆራኙ ድረስ፣ ራሳቸውን የኤኤ ቡድን ብለው መጥራት እንደሚችሉ ስለሚናገር፣ የማንንም ፈቃድ ሳትጠብቁ በስልክ መጀመርም ትችላላችሁ።

እኛ በስልክ ስንሰበሰብ አንድ ጥብቅ ደንብ አለን፤ «የማን ልጅ ነሽ? አገርሽ የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ክልክል ነው። የእኛ ሰው ትውውቁን የሚጀምረው በዚህ ጥያቄ ስለሆነ አዲስ የገባ ሰው ይደናገጣል፤ ነገር ግን ሐሜት መንገድ የሚያገኘው በዚያው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያ ስም ብቻ፣ ያውም የፈለጉትን ስም፤ የሥራ ቦታና የደብር ስም አይነሣም።

ይህን ለምታነቡ ሴቶች ደግሞ፦ በዝርዝሩ ላይ የሴቶች ብቻ ተብለው የተለዩ ስብሰባዎች አሉ። በእኛ ዘንድ ጠጪ ወንድ «ተጫዋች» ሲባል ጠጪ ሴት የምትባለውን ሁላችንም እናውቀዋለን። ወንዶች ባሉበት የማይነገር ነገር እዚያ ይነገራል። ከኤኤ ውጭም እ.ኤ.አ. በ1975 የተመሠረተው፣ ለሴቶች ብቻ የሆነውና «ዊሜን ፎር ሶብራይቲ» የሚባለው ማኅበር አለ።


ነርስ ነኝ (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጠያቂው ወንድማችን፣ ከእርስዎ ጽሑፍ ውስጥ ትኩረቴን የሳበው የእጅዎ መንቀጥቀጥ ነው። በዚያ ደረጃ የነበረ ሰው ቢያገረሽበትና እንደገና በየቀኑ መጠጣት ቢጀምር፣ ቤቱ ተቀምጦ ወይም ስብሰባ በመሄድ ብቻ በድንገት ለማቆም መሞከር የለበትም። መጠጥ በተቋረጠ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ውስጥ የሚጥል በሽታ የመሰለ መንፈራገጥ፣ ከዚያም በሁለተኛውና በአራተኛው ቀን መካከል መቃዠት፣ ትኩሳትና የልብ ምት መዛባት ሊመጣ ይችላል፤ ካልታከመ ይገድላል። ይህ የሐኪም ሥራ እንጂ የስብሰባ ሥራ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ መድኃኒቱ ነው። የመጠጥ አምሮትን የሚቀንሰው ናልትሬክሶን በየቀኑ በሚዋጥ ክኒን ወይም በወር አንድ ጊዜ በሚሰጥ መርፌ ይገኛል፤ አካምፕሮሴት ያቆመ ሰው እንዳቆመ እንዲቆይ ያግዛል፤ ዳይሰልፊራም ደግሞ በላዩ ላይ ከተጠጣ ኃይለኛ ሕመም ያስከትላል። የትኛው ለእርስዎ እንደሚሆን በጉበትዎና በኩላሊትዎ ሁኔታ፣ እንዲሁም በሚወስዷቸው ሌሎች መድኃኒቶች ላይ ይወሰናል፤ ለምሳሌ ከኦፒዮይድ ወገን የሆነ (እንደ ሞርፊን ያለ) የሕመም ማስታገሻ የሚወስድ ሰው ናልትሬክሶን አይሰጠውም። ኤኤ ራሱ ባሳተማቸው ጽሑፎች አባላት የሐኪምን ቦታ እንዳይወስዱ ያሳስባል።

ስብሰባ ይጠቅማል ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ ይጠቅማል እላለሁ። የሕክምና ጥናቶችን ሰብስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ 10,565 ተሳታፊዎች ያሉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ሰዎችን ወደ ኤኤ የሚያስገባ የተደራጀ ሕክምና ከሌሎች የታወቁ የምክር ሕክምናዎች ጋር ሲነጻጸር፣ ዓመት ሙሉ ሳይጠጡ በመቆየት ረገድ የተሻለ ውጤት እንዳስገኘ ደምድሟል፤ 42 ከመቶው ሲሳካላቸው በሌላው ወገን የተሳካላቸው 35 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ተአምር አይደለም፤ ነገር ግን በነፃ ለሚገኝ ነገር ቀላል አይደለም።

ከመጠጡ በስተጀርባ ድብርት ወይም በስደት መንገድ የደረሰ ጉዳት ካለ ስብሰባው ብቻውን አይበቃም። ለዚህ ወደ ባለሙያ ሲሄዱ ቋንቋ አያስፈራዎ፤ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች የአማርኛ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለባቸው። ቀጠሮ ሲይዙ አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ልጅዎን አስተርጓሚ አድርገው በፍጹም አይውሰዱ። ሕክምና የት እንደሚገኝ ለመጠየቅ በ1-800-662-4357 ቢደውሉ ሌሊትም ሆነ ቀን ያለ ክፍያ ይመልሱልዎታል።


ከሲያትል

ኤኤ ለሁሉም ሰው እንደማይሆን ማንም ስላልተናገረ ልናገር። ከእኛ በላይ ስለሆነ ኃይል የሚነገረው ነገር እኔን አልያዘኝም፤ የተስማማኝ እ.ኤ.አ. በ1994 የተመሠረተው ስማርት ሪከቨሪ ነው። እዚያ ስፖንሰር የለም፣ ጸሎት የለም፣ ራስን «ሰካራም ነኝ» ብሎ ማስተዋወቅም አይጠየቅም። ስብሰባውን የሚመራው ሥልጠና የወሰደ ሰው ሲሆን፣ ወረቀት አውጥተን መጠጣት የሚያስገኝልንንና የሚያሳጣንን በአራት ክፍል ከፍለን እንጽፋለን፤ አምሮት ሲመጣ በሐሳባችን ውስጥ ምን እንደተባለ ለይተን እንነጋገርበታለን። በኤኤ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ ሌላው አስተያየት አለመስጠቱ የተለመደ ነው፤ በስማርት ግን እርስ በርስ መመላለስ ይበረታታል። ይህ ለአንዱ ጥቅም፣ ለሌላው ድካም ነው። በኢንተርኔት የሚካሄዱ ስብሰባዎቹ ብዙ ስለሆኑ ለሌሊት ሠራተኛ ይመቻሉ። አንዱን መሞከር ሌላውን አይከለክልም፤ በሁለቱም የሚሳተፉ ሰዎች አውቃለሁ።


የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ (አትላንታ)

ወንድማችን ስላነሡት የእምነት ጭንቀት ጥቂት ልበል። በብዙ የአሜሪካ ቡድኖች መዝጊያ ላይ የሚደርሰው ጸሎት ራሱ «አባታችን ሆይ» ነው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ እግዚአብሔር መለወጥ የማይችሉትን እንዲቀበሉ ሰላም፣ የሚችሉትን እንዲለውጡ ድፍረት፣ ሁለቱን እንዲለዩ ጥበብ እንዲሰጣቸው የሚለምን አጭር ጸሎት ያደርሳሉ። ቢከብድዎ እጅዎን አጣምረው ቆመው በልብዎ የራስዎን ጸሎት ያድርሱ፤ የሚቆጣዎ የለም። አሥራ ሁለቱ ደረጃዎች ጥፋትን ለሌላ ሰው ስለመናገርና የበደሉትን ስለመካስ የሚሉት ነገርም ለእኛ እንግዳ ትምህርት አይደለም። ይሁን እንጂ ስፖንሰር የነፍስ አባት አይደለምና ንስሐዎን ለካህንዎ ይስጡ።

ስለ ቁርባን የሚጨነቁ ሰዎች ስለሚያጋጥሙኝ ይህንንም ልጨምር፤ በቤተ ክርስቲያናችን ለሥጋ ወደሙ የሚቀርበው ወይን ከዘቢብ ተጨምቆ የሚዘጋጅ እንጂ ተብላልቶ የሚያሰክር አይደለም። ዳይሰልፊራም የሚወስድ ሰው ግን ለካህኑም ለሐኪሙም አስቀድሞ ቢነግር ይሻላል። ከቅዳሴው ይልቅ የሚያሰጋኝ ከቅዳሴው በኋላ ያለው ነው፤ በጽዋ ማኅበርና በዝክር ላይ ጠላው ሲዞር እምቢ ማለት ይከብዳል። ለማኅበሩ ሙሴ ቀደም ብሎ «ለእኔ ብርዝ ይቀዳልኝ» ብሎ መናገር በቂ ነው፤ ምክንያቱን መዘርዘር አያስፈልግም።

ጠበልም ይጠመቁ፣ ነገር ግን ጠበል ስለ ጀመሩ ክኒኑን አይተዉ። ይህን የምለው መድኃኒት እንዲያቆሙ የተመከሩ ሰዎች ምን እንደደረሰባቸው ስላየሁ ነው።


የጠጪ ሚስት (ዳላስ፣ ቴክሳስ)

ለባለቤትዎ የሚሆነው አል-አኖን ነው። እ.ኤ.አ. በ1951 የቢል ዊልሰን ሚስት ሎይስ ከሌላ ሴት ጋር ሆና ያቋቋመችው፣ ለጠጪ ቤተሰብና ወዳጅ ብቻ የሆነ ማኅበር ነው፤ ለወጣት ልጆች ደግሞ አላቲን የሚባል ክፍል አለው። እርስዎ ወደ ኤኤ ባይሄዱም እርሷ መሄድ ትችላለች።

ከዚያ ባልሽን እንዴት እንደምታስቆሚ ይነግሩኛል ብላ እንዳትጠብቅ ግን አስቀድመው ይንገሯት። እኔ የገባሁት ጠርሙስ የሚደበቅበትን ቦታ ሁሉ እያሰስኩ፣ አፉን እያሸተትኩ፣ ለአለቃው «አሞታል» ብዬ እየደወልኩ ነበር፤ እዚያ የተማርኩት ይህን ሁሉ መተውን ነው። ለሐበሻ ሚስት ይህ ግዴለሽነት ይመስላል፤ አማቶቼም «ትታዋለች» ብለውኛል። በእርግጥ መጀመሪያ ላይ እኔም ተቆጥቼ አንድ ሁለት ሳምንት ቀርቼ ነበር። የምትሄደው ግን ከእርስዎ በተለየ ሰዓትና ቦታ ይሁን፤ የሰማችውን ቤት አምጥታ እንድታወራም አይጠይቋት፣ የእርስዎንም አትጠይቅዎ።


የሌሊት ሹፌር (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጽሐፍ ጥናት ያለበት የጠዋት ቡድን ከምድር ባቡሩ ጣቢያ አጠገብ አግኝቼ ሁለት ጊዜ ተገኝቻለሁ፤ ሰው ጥቂት ነው፣ ንባቡም በዝግታ ስለሆነ ተከታተልሁት። አርሊንግተን ያለችው እኅታችን እንዳለችው ለኢንተርግሩፕ ቢሮው ደውዬ አማርኛ ተናጋሪ ሰው እንደምፈልግ ነግሬአለሁ፤ ጠይቀው መልሰው ሊደውሉልኝ ቃል ገብተዋል። ለባለቤቴም የአል-አኖንን ነገር አንሥቼላት «አስብበታለሁ» ብላኛለች።

ሁለት ነገሮች ቀርተውኛል። ሰብሳቢው «አዲስ የመጣ ሰው አለ?» ብሎ ሲጠይቅ እስካሁን እጄን አላነሣሁም፤ ግዴታ ነው? ደግሞም አንዳንድ ሌሊት የመጨረሻው ጉዞዬ እስከ ደለስ አየር ማረፊያ ይወስደኝና ሰዓቱ ያልፍብኛል፤ እንደዚያ በሆነ ቀን ምን ላድርግ?


የቀድሞ ጠጪ (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

ግዴታ አይደለም፤ ነገር ግን አንሣ። እጅህን ካላነሣህ ከጎንህ የተቀመጠው ሰው ከሌላ ቡድን የመጣ አሮጌ አባል አድርጎ ሊቆጥርህ ስለሚችል ስልኩን አይሰጥህም። ብዙ ቡድኖች ለመጀመሪያ ቀን የሚሰጡት ቺፕ የሚባል፣ ሳንቲም የሚመስል ማስታወሻ አላቸው፤ ሲሰጡህ ንግግር አይጠብቁብህም፣ ተቀብለህ ትቀመጣለህ። ለሰብሳቢው ደግሞ ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ጠጋ ብለህ «እንግሊዝኛዬ ዝግ ያለ ነው» ብትለው፣ የሚነበብ ነገር ሲሰጥህ አጭሩን ይሰጥሃል። ስፖንሰር የሚሆንህን ሰው ለመለመን አትቸኩል፤ አነጋገሩ የሚገባህንና የምታከብረውን ወንድ ለይተህ እስክታውቅ ድረስ ለጊዜው ብቻ የሚረዳህ ሰው እንዲሰጡህ መጠየቅ ትችላለህ።

ሰዓት ያለፈብህ ቀን በኢንተርኔት የሚካሄድ ስብሰባ በማንኛውም ሰዓት ስለማይጠፋ በዚያው መተግበሪያ ላይ ፈልገህ ግባ። ስልኩን መሪው ላይ ሰክተህ እየነዳህ ግን አይሆንም፤ አየር ማረፊያው ግቢ ውስጥ ሾፌሮች ተሳፋሪ የሚጠብቁበት ቦታ ላይ ሞተሩን አጥፍተህ፣ ጆሮ ማዳመጫህን አድርገህ አዳምጥ። ወደ ቤት ከመንዳትህ በፊት ከቡድኑ ሰዎች ለአንዱ ደውል፤ የጠዋት ሰዎች ናቸውና በዚያ ሰዓት ነቅተው ነው የምታገኛቸው።